ከጣሳው የሚወጣው ጉልበት የማን ነው?

ከለገሃር ወደ ስታዲየም ስትሄዱ የትንንሾቹን ሱቆች ፍሪጅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ድሮ አምቦ ውሃና ለስላሳ ነበር የሚሞላው። አሁን ዓይን ቶሎ የሚያርፍበትን መደርደሪያ የያዙት ቀጫጭን ጣሳዎችና ደማቅ ቀለም ያላቸው ጠርሙሶች ናቸው። ስማቸው ይለያያል፣ ቃል የሚገቡት ግን ያው ጉልበት ነው። ገዢውም ብዙ ጊዜ የምርቱን ስም አይጠራም። «ኢነርጂ አለ?» ብቻ ነው የሚለው።

ገዢዎቹን ቆም ብላችሁ እዩ። ከንጋት ጀምሮ መሪ የያዘ የራይድ ሹፌር አለ። ሌሊት የሚሠራ የግንባታ ሠራተኛ አለ። ፈተና የደረሰበት የአራት ኪሎ ተማሪ አለ። አዳሩን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። ሰኔ ሲመጣ ቤቱን የሚረሳ የሒሳብ ሠራተኛም አለ፤ እኔ ከዚህኛው ወገን ነኝ። ለጨዋታ ብሎ የሚገዛውም ቀላል አይደለም፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። አብዛኛው ግን ደክሞት ነው የሚገዛው።

ቢሮዬ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። በዚያ ሰሞን ሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚመስል የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። የቆሻሻ ቅርጫታችን በወረቀት ሳይሆን በጣሳ ይሞላል። ታዲያ የሙያ አመል ሆኖብኝ ቁጥር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ሁሉም ሰው የሚጠጣው ነገር ላይ የተጻፈውን ሳነብ፣ ካነበብኩት ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ነገር ስጠይቅ ሰነበትኩ።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ንቃት ይሰጣል፣ ጉልበት ግን አይሰጥም። ሁለቱ አንድ የሚመስሉት ደክሞን ስንጠጣው ነው።

250 ሚሊ ሊትር የምትይዘው የሬድ ቡል ጣሳ ላይ 80 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ 27 ግራም ስኳር፣ 1000 ሚሊ ግራም ታውሪንና የቢ ቫይታሚኖች ዝርዝር አለ። ትልቁ ጣሳ ሌላ ነገር ነው። 473 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ሞንስተር ካፌይኑ 160 ሚሊ ግራም ነው፤ ስኳሩም እንደዚያው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ከስኳሩ እንጀምር። ሰውነታችን የሚያቃጥለው ነዳጅ ከምግብ የሚገኝ ነው፤ የሚለካውም በካሎሪ ነው። 27 ግራም ስኳር 108 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሺህ ካሎሪና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጣሳው ከቀን ፍጆታችን አምስት በመቶ ያህሉን ቢሸፍን ነው። ዳቦ በሻይም ይህን ያደርጋል፤ ያውም ሆድ ይይዛል። ደግሞ ስኳር የሌለበት ዓይነት አለ። ካሎሪው ከቁጥር አይገባም። የሚጠጡት ሰዎች ግን እኩል እንደነቁ ይነግሯችኋል። ስለዚህ የሚያነቃው ስኳሩ አይደለም። እንዲያውም በ2019 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ ስኳር ስሜትን እንደማያነሳ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ንቃትን ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ጣሳዋ ብቻዋን አልፋዋለች።

ታውሪን የሚለውን ሲያዩ የሚፈሩም የሚጓጉም አሉ። ቢሯችን ውስጥ «የበሬ ዘር ነው» የሚል ወሬ ነበር። ወሬው እውነት ባይሆንም መነሻ አለው። ሁለት ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች በ1827 (እ.ኤ.አ.) ይህን ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የለዩት ከበሬ ሐሞት ነው። ዛሬ መጠጡ ውስጥ የሚገባው ግን ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካል የሚሠራው ነው። በሁዳዴ አንድ ባልደረባዬ ጣሳውን ይዞ መጥቶ «ጾም ነው አይደለም?» ብሎ ጠየቀኝ። ከበሬ እንዳልመጣ ነገርኩት። የቀረውን የንስሐ አባቱን እንዲጠይቅ ነው የመከርኩት። ለማንኛውም ታውሪንን ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል፤ ከሥጋና ከዓሣም እናገኘዋለን። ብቻውን ሰውን ከእንቅልፍ ያነቃል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም።

የቢ ቫይታሚኖቹ ጉዳይ ትንሽ የሚያሳስት ነው። ምግብን ወደ ጉልበት ለመቀየር ሰውነት እውነትም ይፈልጋቸዋል። ጣሳው ላይ የሚጻፈውም ይኸው ነው፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ያልጎደለበት ሰው ሲጨምር ጉልበቱ አይጨምርም። ትርፉ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ከተጠጣ በኋላ ሽንት ለምን ደማቅ ቢጫ ይሆናል ብሎ ለሚጨነቅ ሰው አንዱ መልስ ይኸው ነው፤ አንዳንዶቹ ምርቶች ውስጥ የሚገባው ቢ2 ነው ቀለሙን የሚሰጠው። ቢ12 የጎደለበት ሰው ሲያገኘው ድካሙ ይቀንስለታል፤ ያ ግን በሐኪም ታይቶ፣ በመድኃኒት የሚደረግ ሕክምና ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ካፌይን። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው።

ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፤ ዘመኑ 1819 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሴሎቻችን ጉልበት ሲጠቀሙ የሚተርፍ ነው። ይህ አዴኖሲን በነርቭ ሴሎች ላይ ባሉት ተቀባዮቹ ላይ ሲያርፍ ሴሎቹ ይቀዘቅዛሉ። ዓይናችን ይከብዳል፤ ሐሳባችን ይጎተታል። ስንተኛ ይጸዳል። ካፌይን ደግሞ በቅርጹ አዴኖሲንን ይመስላል። ቀድሞ ሄዶ ተቀባዮቹ ላይ ቁጭ ይላል። ቁጭ ብሎ ግን ሴሉን አያቀዘቅዝም፤ ቦታውን ብቻ ነው የሚይዘው። ባለ ቦታው አዴኖሲን መጠራቀሙን አላቆመም። «ደክሞሃል» የሚለው መልእክት ነው የታፈነው።

ካፌይኑ ሲለቅ ተጠራቅሞ የቆየው ሁሉ በአንዴ ይደርሳል። ያንን መፍረክረክ የሞከረ ያውቀዋል።

እቁብ ገብታችሁ ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት ቢወጣላችሁ ደስታው ሌላ ነው። ገንዘቡን ግን ማንም አልሰጣችሁም። ገና ከምታገኙት ደመወዝ ላይ ሳምንት በሳምንት የምትከፍሉት የራሳችሁ ብር ነው። የጣሳው ጉልበትም የራሳችን ነው፤ የነገውን ዛሬ ማታ ነው የምናወጣው። የእቁብ ዳኛ እንደሚያሳድድ እንቅልፍም ያሳድዳል።

ሒሳቡን በሰዓት እንየው። ካፌይን ከጠጣነው በኋላ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰው ሰው ይለያያል። ነፍሰ ጡር ሴት ላይና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ላይ በጣም ይዘገያል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ይፈጥናል። አማካዩን እንያዝና ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ትልቁን ጣሳ ጠጣችሁ እንበል። ማታ 4 ሰዓት ላይ 80 ሚሊ ግራም ይቀራል። ልትተኙ ስትሉ አንዲት ትንሽ ጣሳ ሙሉውን እንደጠጣችሁ ቁጠሩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 40 ይቀራል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመተኛታቸው ስድስት ሰዓት በፊት የወሰዱ ሰዎች እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጠዋት ደክሟቸው ይነሳሉ፤ ከዚያ ምን እንደሚፈልጉ ግልጽ ነው።

ቢሯችን በር ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። ይህን ሁሉ ነገር ስነግራት ሳቀች። «ጋሼ፣ ታዲያ የኔን አይጠጡም? ያው ካፌይን ነው አሉኝ እኮ» አለች። እውነቷን ነው። 80 ሚሊ ግራም ማለት አንድ ደህና ስኒ ቡና ማለት ነው። የማኪያቶ አንድ ሾት 60 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። የጀበናው እንደ አፈላሉ ይለያያል፤ አቦሉ ይበረታል፣ ቶናውና በረካው በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ የሚፈላ ስለሆነ እየቀጠነ ይሄዳል። ዋጋውን ካነሳን ደግሞ ጣሳው የእሷን ስኒ ብዙ እጥፍ ነው። የቡና ሀገር ሰው ከውጭ የመጣ ካፌይን በስኳር በጥብጦ በውድ ሲገዛ ማየት ትንሽ ያስቃል፤ ትንሽም ያናድዳል። ያም ሆኖ ስኳር ላይ እኛም ንጹሕ አይደለንም። በዚያች ትንሽ ስኒ ሦስት ማንኪያ የሚያስጨምር ሰው ጣሳውን ሲያወግዝ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

የሚለያቸው አጠጣጡ ነው። ትኩስ ቡና ፉት እየተባለ ነው የሚጠጣው። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ግን ይጨለጣል። ቡና ሦስተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ ሰው «በቃኝ» ይላል፤ ሁለተኛ ጣሳ ላይ «በቃኝ» የሚል ብዙም አላየሁም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን አያሰጋም ብሏል። ለነፍሰ ጡር የቀን ጣሪያው 200 ነው። ትልቁን ጣሳ ሁለት ጊዜ የጠጣ፣ ጠዋትና ከምሳ በኋላም ማኪያቶውን ያልተወ ሰው 400ውን አልፏል። ብዙዎቻችን ቡናውን አንቆጥረውም፤ ከሒሳብ ውጭ ነው።

ይህ መጠጥ ከየት እንደመጣ ማወቅ ብዙ ነገር ያስረዳል። ጃፓኖች በ1962 (እ.ኤ.አ.) ሊፖቪታን ዲ የሚባል ታውሪን ያለበት መጠጥ በትንሽ ቡናማ ብልቃጥ አወጡ። መድኃኒት ነበር የሚመስለው፤ የሚገዙትም ሥራ የበዛባቸው ሠራተኞች ነበሩ። በ1970ዎቹ ታይላንዳዊው ቻሊዮ ዩቪዲያ ክራቲንግ ዴንግን ለገበያ አወጣ። የጠጡት የጭነት መኪና ሹፌሮችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። የጥርስ ሳሙና ሻጭ የነበረው ኦስትሪያዊ ዲትሪክ ማተሺትዝ በሥራ ጉዞው ታይላንድ ውስጥ አገኘው፤ ከቻሊዮ ጋር ተሻረከ፤ ጋዝ ጨመረበትና በ1987 (እ.ኤ.አ.) ኦስትሪያ ውስጥ ሬድ ቡል ብሎ ሸጠው። የመኪና ውድድርና ከተራራ የሚዘሉ ሰዎች ማስታወቂያው ላይ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ሥር መሠረቱ ግን ሌሊት ለሚነዳና ጭነት ለሚያወርድ ሰው የተሠራ መጠጥ ነው። የስታዲየሙን ሱቅ ደንበኞች ሳይ ማስታወቂያው ተረስቶ መጠጡ ወደ መጀመሪያዎቹ ጠጪዎቹ የተመለሰ ይመስለኛል።

«ክንፍ ይሰጣል» የሚለው የሬድ ቡል መፈክር ፍርድ ቤት ደርሶ እንደነበር ታውቃላችሁ? አሜሪካ ውስጥ ከሳሾች ያሉት ክንፍ አላበቀልንም አይደለም፤ ብዙ ሰው በቀልድ እንደዚያ ነው የሚያወራው። ክሱ ከአንድ ስኒ ቡና የበለጠ ጥቅም እንዳለው ተደርጎ ይሸጣል የሚል ነበር። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2014 (እ.ኤ.አ.) 13 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኔን የገረመኝ ገንዘቡ አይደለም። ያ ሁሉ ክርክር የጀበናዋ ልጅ የነገረችኝ ነገር ላይ መሆኑ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መጠጡ አይሠራም ማለት አይደለም። ይሠራል። ካፌይን ትኩረትን ይጨምራል፣ ምላሽን ያፈጥናል፣ ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ሰውም ይረዳል። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ከከለከላቸው ነገሮች ዝርዝር ካወጣው ወዲህ ስፖርተኞች በግልጽ ይጠቀሙበታል። መስቀል አደባባይ ጠዋት ደረጃውን የሚወጡ የሚወርዱ ወጣቶች ግን ጣሳውን ላብ መተኪያ ሲያደርጉት አያለሁ። ያኛው ሌላ መጠጥ ነው፤ ውሃና ጨው ያለበት፣ ስኳሩም ቀለል ያለ። የጣሳው ስኳር በመቶኛ ሲሰላ 11 ገደማ ነው፤ ለሚሮጥ ሰው ከሚመከረው ከ6 እስከ 8 በላይ ስለሆነ ሆድ ውስጥ ይዘገያል። በሶ በጥብጦ የመጣ ሰው ከዚህ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ቢያንስ በሶው ውስጥ ያለው ጉልበት የምር ነው።

ከሥራ አምሽቼ ስወጣ የጠራሁት የራይድ ሹፌር በሩ ኪስ ውስጥ ሁለት ጣሳ ነበረው። አንዱ ባዶ ነው። ስንት ሰዓት እንደጀመረ ጠየቅኩት። «ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው ጋሼ የወጣሁት» አለኝ። ማታ 5 ሰዓት ሆኗል። 18 ሰዓት መሆኑ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ የታወቀ የአውስትራሊያ ጥናት ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል ወይም የባሰ እንደሚዘገይ አሳይቷል። በብዙ ሀገር ይህ መንዳት የሚያስከለክል መጠን ነው። እንዲህ ብዬ ሳላስፈራራ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ጫት ትቼ እኮ ነው ወደዚህ የመጣሁት» አለ።

ይህን መናቅ አይገባም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚሠራው ከአምፌታሚን ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። ካፌይን የድካሙን መልእክት ሲያፍን ካቲኖን ግን አንጎልን ራሱን ይቀሰቅሳል። ከምርቃናው ለመውረድ ደግሞ ጨብሲ ይመጣል። ልጁ ከዚህ ሁሉ ወጥቶ ወደ ጣሳ መምጣቱ በእሱ ሒሳብ ትርፍ ነው። እኔም ትርፍ ነው አልኩት። ቢሆንም ጣሳው ዓይኑን ይገልጥለታል እንጂ 18ቱን ሰዓት አያጠፋለትም። መሪ ላይ ለሰከንዶች ጭልጥ የሚያደርገው እንቅልፍ ካፌይንም ጠጥቶ ይመጣል።

አንድ የሚረዳ ነገር አለ። በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በመንዳት ማስመሰያ መሣሪያ ላይ እንቅልፍ የተጫናቸውን ሹፌሮች የፈተኑ ተመራማሪዎች ካፌይን ጠጥቶ ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል ጋደም ማለት ካፌይን ብቻውን ከመጠጣት የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ካፌይኑ ደም ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ እንቅልፏ አዴኖሲኑን ትቀንስለታለች። ይህን ስነግረው ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ጋሼ፣ የት ላቁመው?» አለ። መልስ አልነበረኝም። መሀል ከተማ ላይ ቆማችሁ ብትተኙ ወይ ፓርኪንግ ሰብሳቢው ያንኳኳል፣ ወይ ትራፊኩ። ታዲያ ጥናቱን የሠሩት ሰዎች አዲስ አበባን አያውቋትም።

ለጨዋታ የሚገዛው ሰው ከአልኮል ጋር መደባለቁን በአጭሩ ልለፈው። ካፌይን ስካሩን አይቀንስም፤ የስካሩን ስሜት ነው የሚደብቀው። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ይጨምራል፤ ደህና ነኝ ብሎም ይነዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 (እ.ኤ.አ.) ካፌይን የተጨመረባቸው የአልኮል መጠጦችን ለሚያመርቱ አራት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ የሰጠው ለዚህ ነው። እዚህ ቡና ቤት ውስጥ ግን ደባላቂው አስተናጋጁ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍለት ኩባንያ የለም።

ልጆች ላይ ስንመጣ ግን ድምፄን ከፍ ባደርግ ደስ ይለኛል። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ጣሳ ይዘው አያለሁ። ባለሱቁም ይሸጣል፤ ለስላሳ እንደሸጠ ነው የሚቆጥረው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ይህ መጠጥ በልጆችና በወጣቶች አመጋገብ ውስጥ ቦታ የለውም ብሏል። ሊትዌንያ ከ2014፣ ፖላንድ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ከልክለዋል። የአውሮፓው ባለሥልጣን ለልጆች የሚያስቀምጠው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጣሪያው 90 ሚሊ ግራም ይሆናል። ትልቁ ጣሳ 160 ነው። በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ በሽታ ደግሞ እዚህ ሀገር ብዙ ልጆችን ያጠቃል፤ ሳይታወቅ የሚቆይበት ጊዜም አለ። የልብ ችግር ያለበት ልጅ ይህን ሲጨልጥ ባለሱቁ በምን ይለያል?

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። ድካም ራሱ ምን እየነገረን ነው?

ቢሯችን ውስጥ ጣሳ የማይለያት ባልደረባ ነበረችን። ጎበዝ ናት፤ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ደረጃ ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ራሷን ይዛ ትቀመጣለች። «እህቴ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው» እንላታለን። እሷም ትስማማለች። በሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ስትመረመር የደም ማነስ እንዳለባት ተነገራት። የብረት እጥረት ነው። ደም ያነሰው ሰው ኦክስጅን በደንብ አይደርሰውም፤ የሚሰማው ድካም የእንቅልፍ ድካም አይደለም። ካፌይን ያንን ሊሞላ አይችልም። ሊደብቀው ግን ይችላል፤ ለእሷም ብዙ ጊዜ ደብቆላታል። ሐኪሟ እንክብል ሰጣት፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር እንዳትጠጣም ነገራት። ቡና ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚቀንስ ነው። ከምሳ በኋላ ወዲያው ቡና ማለት ለእኛ ሕግ ነው፤ እሷ ግን ራቅ አድርጋዋለች።

ደም ማነስ ብቻ አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ ስኳር በሽታ፣ ድብርት፣ ማታ ማንኮራፋትና ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ሁሉም ራሳቸውን በድካም ነው የሚያስተዋውቁት። ሳምንታት ያለፉት ድካም ሱቅ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነው መሄድ ያለበት።

ድካም የሚመስል ሌላም አለ። ጾም ሲገባ ቡና ያቆመ ሰው በሁለተኛው ቀን ራሱን የሚያመው ለምን ይመስላችኋል? ካፌይን የለመደ አንጎል ሲቋረጥበት ያማል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ እስከ አንድ ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ጣሳ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጠዋት የሚሰማው መደንዘዝ አንዱ ክፍል ይኸው ነው። የመጀመሪያዋን ጣሳ ሲጠጣ ጉልበት ያገኘ ይመስለዋል። ያገኘው ግን ትናንት የነበረበትን ቦታ ነው። ማቆም የፈለገ ሰው በአንዴ ከሚቆርጥ ቀስ በቀስ ቢቀንስ ይሻለዋል።

እኔ ጣሳውን ጠላት አላደረግኩትም። ቢሯችን ውስጥ ሥራ ለሚለማመዱት ልጆች የምላቸው ግልጽ ነው። ከጠጣችሁ ትንሿን፣ በልታችሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት። ማታ ግን ሒሳቡ ካልታረቀ በጣሳ አይታረቅም፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የገባች ስህተት በነጋታው ለማረም ሁለት ሰዓት ትፈጃለች።

ይህን ጉዳይ ለአለቃችንም አንስቼላቸዋለሁ። ሰኔ ላይ ሥራውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ከምንጨናነቅበት ከግንቦት ጀምሮ እየዘጋን ብንመጣ፣ ካልሆነም በሁለት ፈረቃ ብንከፈል ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እናየዋለን» አሉኝ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው አስቀመጡት። መሳቢያው ውስጥ ጣሳ አይቻለሁ፤ ያውም ትልቁን።